ወላጅ ይግጠም፣ ልጁም መልስ ይስጥ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የጋዜጣችሁ የግጥም ዓምድ እኛ ቤት ጮክ ተብሎ ነው የሚነበበው። ባለቤቴ ታነባለች፣ እኔ አዳምጣለሁ፣ ልጆቹም ኤርፎናቸውን ከአንድ ጆሯቸው አውጥተው የማይሰሙ መስለው ይሰማሉ። ግጥሞቹን እንወዳቸዋለን። ግን የጎደለ ነገር አለ፤ የምጽፍላችሁም ለዚያ ነው። የምታወጧቸው ግጥሞች ስለ ፍቅር ናቸው፣ ስለ አገር ናቸው፣ ስለ ስደትና ስለ ሞት ናቸው። ሻወር ቤት ገብታ ስለማትወጣ ልጅ፣ ስለ ካልሲ፣ ስለ ኢንተርኔት ፓኬጅ፣ ማታ አልተኛም ጠዋት አልነሳም ስለሚል ጎረምሳ የተጻፈ አንድም ግጥም አላየሁም። ቤት ውስጥ ግን ከጠዋት እስከ ማታ የምንኖረው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ጥያቄዬን ገና ከመነሻው ልንገራችሁ፦ ጎረምሳና ኮረዳ ስለማሳደግ የሚያስቁ ግጥሞች የሚወጡበት አንድ ጥግ ክፈቱልን። ወላጅ ይግጠም፣ ልጁም እዚያው ገጽ ላይ መልስ ይስጥ።

እስቲ አስቡት። በእኛ አገር ሰው ከተወለደ ጀምሮ ግጥም አይለየውም። ለሕፃን እሹሩሩ አለለት። ትንሽ ከፍ ሲል በቡሄ ሆያ ሆዬ፣ በእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ እየተባለ በየደጁ ይዞራል። ሲያገባ ሚዜዎቹ በር ላይ ቆመው በሴቶቹ ግጥም ይሸነቆጣሉ፣ ሽቶ አምጡ ይባላሉ። ሲሞት ሙሾ ይወጣለታል። መሃል ላይ ግን፣ ከአሥራ ሦስት እስከ አሥራ ዘጠኝ ባለው ዕድሜ፣ የሚደርሰው ምክር ብቻ ነው። ምክር በቁርስ፣ ምክር በራት፣ ታክሲ ውስጥ ምክር፣ እንግዳ ፊት ምክር። ልጁ በጣም መሳቅ በሚፈልግበት፣ ራሱን በማያውቅበት፣ ቁመቱ በአንድ ክረምት ሱሪውን ጥሎት በሚሄድበት ዕድሜ ላይ ግጥሙን ነጥቀን ተግሣጽ ሰጠነው። ይህ ትክክል አይመስለኝም።

ደግሞ የሚሆን መሣሪያ አጥተን አይደለም። እንካ ሰላንቲያ አለን። ትልልቆቹ አንባቢዎቻችሁ በልጅነታቸው ተጫውተውታል፤ የዛሬ ልጆች ብዙዎቹ ስሙን እንጂ ጨዋታውን አያውቁትም። አንድ ማታ ሰፈሩ በሙሉ መብራት ጠፋ። ስልኮቹም ባትሪያቸው አልቆ ነበር። እናቴ ከእኛ ጋር ናት የምትኖረው፤ ሻማው ዙሪያ እንደተቀመጥን ጨዋታውን ለልጆቹ አሳየቻቸው። ለመግባባት ጊዜ አልፈጀባቸውም። ታላቅየዋ ጀመረች።

«እንካ ሰላንቲያ!»
«በምንቲያ?»
«በዋይፋይ!»
«ምን አለሽ በዋይፋይ?»
«ዋይፋይ ሲጠፋ ነው ፊትህ የሚታይ!»

ወንድሟ ትንሽ አሰበ። ቀጥሎ ተራውን ወሰደ።

«እንካ ሰላንቲያ!»
«በምንቲያ?»
«በሻወር!»
«ምን አለህ በሻወር?»
«ሻወር የገባሽው ልትወጪ ነው በወር!»

እኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ይቺ ግጥም የዋዛ አይደለችም፤ በየሳምንቱ የምንጨቃጨቅበትን ጉዳይ ይዛለች። እኔ ስለ ውኃው ብዙ ተናግሬያለሁ፣ ሰሚ አላገኘሁም። የወንድሟ አንድ መስመር ግን ሰርቷል። ልጅቷ ሻወር ቤት ስትገባ ከውጭ ሆኖ «በወር!» ማለት ብቻ ይበቃዋል፤ ከውስጥ ሳቅና የቧንቧ መዘጋት ይሰማል።

ከዚያ ማታ በኋላ ነገሩ ወደ ወረቀት ዞረ። የፍሪጁ በር ላይ ባለቤቴ ለልጃችን እንዲህ ብላ ለጠፈችለት፦

ስልክህ መቶ ሞልቶ ይጠብቃል ነቅቶ፣
ጌታው ባትሪው አልቋል ሌሊቱን አብርቶ።

ከትምህርት ቤት ሲመለስ አነበበው። ምንም አላለም። ማታ ውኃ ልጠጣ ስነሳ ከሥር ተጽፎ አገኘሁት፦

አንቺም ድራማውን ስታዪ እያመሸሽ፣
ለኔ ስልክ ሲሆን ግን ፈራጅ ዳኛ አንቺው ነሽ።

ባለቤቴ ጠዋት አይታው እስክታለቅስ ሳቀች። እውነቱን ነዋ! ይህንኑ ነገር ልጁ በቃል ቢናገረው ኖሮ «አፍህን ዝጋ፣ ለእናትህ እንዲህ አይባልም» ተብሎ ነገሩ ይካረር ነበር። በግጥም ሲመጣ ግን የተደፈረች አልመሰላትም፤ ተጫወተ፣ ቤት መታ፣ ልኩን ጠበቀ። እሷም ከዚያ በኋላ ድራማውን ሦስት ሰዓት ላይ መዝጋት ጀመረች፣ እሱም ስልኩን ሳሎን ውስጥ ቻርጅ ላይ ጥሎ መተኛት ጀመረ። አንዳንድ ቀን ያፈርሳል። ያፈረሰ ቀን ግን ንዝንዝ የለም፤ አዲስ ግጥም ይለጠፋል።

ለምን እንደሚሠራ ብዙ አስቤበታለሁ። አንደኛ ነገር፣ ግጥም ያልቃል። ቁጣ አያልቅም፤ ከስልኩ ተነስቶ ወደ ውጤት ካርዱ፣ ከካርዱ ወደ ጓደኞቹ፣ ከጓደኞቹ «እኔ በአንተ ዕድሜ» ወደሚለው እየሄደ ልጁ ምን እንደተባለ ራሱ ይጠፋዋል። ሁለት መስመር ግን ሁለት መስመር ነው። ደግሞ ቤት የሚመታ ቃል እየፈለጉ መቆጣት አይቻልም፤ «አብርቶ»ን ከ«ነቅቶ» ጋር ሲያገናኙ ንዴቱ በርዶ ይገኛል። ሌላው ትልቁ ነገር ዓይን ለዓይን አለመተያየቱ ነው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ዓይኑ እየታየ ሲመከር ይዘጋል። ወረቀት ሲሆን ግን ብቻውን ያነበዋል፣ ብቻውን ይስቃል፣ ሲፈልግ ይመልሳል።

የመኝታ ቤቱን ጉዳይ ደግሞ እኔ ገጥሜበታለሁ፦

የልጄ መኝታ ቤት የጉድ ነው ዘንድሮ፣
ካልሲ ጋራ ሠርቶ ደብተሩ ተቀብሮ፤
ምግብ ሲሸት ብቻ በሩ ይከፈታል፣
ሳህኑን ተሸክሞ ዋሻውን ይዘጋል።

መልሱ በነጋታው በሩ ላይ ተለጥፎ ጠበቀኝ፦

ዋሻው ውስጥ ያለሁት ተደብቄ አይደለም፣
ምክር የማይደርሰው ሌላ ክፍል የለም።

ይህንን ስንት መጽሐፍ ባነብ አላገኘውም ነበር። ልጁ ለምን በሩን እንደሚዘጋ ራሱ ነገረኝ፤ ያውም ሳይጮህ፣ ሳያለቅስ፣ በሩን ሳይወረውር። ከዚያ ቀን ወዲህ የራት ሰዓት ላይ ስለ ትምህርት እንዳይወራ ተስማማን። ሳህኑን ይዞ የሚሄድባቸው ቀናት ቀንሰዋል። ካልሲው እንዳለ ነው።

አለቃ ገብረ ሐናን የማያውቅ አንባቢ ይኖራል ብዬ አላስብም። ከሚነገሩላቸው ጨዋታዎች ብዙዎቹ የቤት ጨዋታዎች ናቸው፤ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ማዘንጊያ ጋር የተባባሏቸው ናቸው። እኔ የምወደው ግን መንገድ ላይ ሆነ የሚባለውን ነው። አህያ የሚነዱ ሴቶች አግኝተው «እንደምን አደራችሁ የአህያ እናቶች» ቢሏቸው፣ ሴቶቹ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን አደርክ ልጃችን» አሏቸው ይባላል። ይህ ጨዋታ ከመቶ ዓመት በላይ የኖረው በመልሱ ነው። ሴቶቹ ዝም ብለው አልፈው ቢሆን ኖሮ ተረቡ እዚያው መንገድ ላይ በቀረ። ስለ አለቃ ሌላም ነገር ይተረካል፤ ያወጡትን አዲስ አቋቋም፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን የዝማሬና የሽብሸባ ስልት፣ የጎንደር ካህናት ሳይቀበሉት ሲቀሩ ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፣ በደብረ ታቦርም ጸንቶ ዛሬም የሚጠራው በልጁ ስም ነው፤ ተክሌ አቋቋም። ያን ያህል አዋቂ አባት በልጁ ስም ሲጠራ ደስ ይለኛል።

መልስ የሌለው ግጥም ምን እንደሚያደርግም አይቻለሁ። የፋሲካ ዕለት ዘመድ ቤት ተሰብስበን ነበር። ዶሮው ወጥቶ፣ ሰው ሁሉ ተጫውቶ፣ አንድ ጨዋታ አዋቂ የሚባል ሰው ተነስቶ የአሥራ አራት ዓመት ልጅን በግጥም ማጫወት ጀመረ። ስለ ልጁ ብጉር ገጠመ። ድምፁ ስለ መጎርነኑ ገጠመ፤ አንዴ ቀጥኖ አንዴ ወፍሮ የሚወጣውን ድምፅ እያስመሰለ አነበበው። ግጥሙ ቤት ይመታ ነበር፣ ሰውም ሳቀ። ልጁ ያነሳውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መልሶ አስቀመጠ። እጁን ታጥቦ ወጣ። ማታ ላይ ደግሞ አንዱ በስልኩ ቀርጾት ኖሮ ቲክቶክ ላይ ተለቀቀ፣ የክፍል ጓደኞቹም አዩት። ግጥሙን እዚህ አልደግመውም። ልጁ ግን ከዚያ በኋላ ዘመድ ቤት መሄድ አቆመ፣ እናቱ እስከ ዛሬ ትለምነዋለች። የገጠመው ሰው «ቀልድ ነው እኮ» ነው የሚለው። እኔ ቀልድ አልለውም። ልጁ መልስ መስጠት አይችልም ነበር፤ መልስ የሚሰጥበት ድምፅ ራሱ ነበር የተሳቀበት።

ስለዚህ ጥጉን ብትከፍቱልን አንዳንድ ነገር ጥብቅ እንዲሆን እለምናለሁ። ስለ ልጅ ሰውነት የሚገጥም ግጥም አይውጣ፤ ብጉር፣ ውፍረት፣ ድምፅ፣ ቁመት ይቅር። የመጀመሪያ ፍቅሩም ይቅር፤ እሱ የግሉ ነው። የልጁ ስም፣ የትምህርት ቤቱ ስም አይጻፍ። ልጁ ሳያነበውና ሳይፈቅድ ምንም አይታተም። ከሁሉም በላይ ደግሞ መልሱ አብሮ ይውጣ፤ መልስ የሌለው ከሆነ ይቆይ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ እንዲህ የምትል ቆንጆ ግጥም አለችው፦

ፓኬጁ ሲያልቅበት «አባዬ» ይለኛል፣
ካርድ የሞላሁ ዕለት ስሜ ይጠፋዋል።

ቢሮው ውስጥ ሁሉም ሰው በቃሉ ይዟታል፣ እኔም ወድጃታለሁ። ግን የልጁን መልስ እስካላየሁ ድረስ ግማሽ ናት። ልጁ የሚለው አያጣም፤ ምናልባት አባቱ የሚታየው ካርድ ሲሞላ ብቻ ይሆናል፣ ማን ያውቃል። እስኪመልስለት እየጠበቅን ነው።

ለመግጠም የሚፈሩ ወላጆች እንዳሉ አውቃለሁ። «እኔ ባለቅኔ አይደለሁም» ይላሉ። ቅኔ ማንም አልጠየቃቸውም። ሁላችንም ጆሯችን የለመደው ወል ቤት አለ፤ ስድስት ቀለም፣ ትንፋሽ፣ ስድስት ቀለም። ጮክ ብሎ ሲያነቡት መሃል ላይ ካረፈ ደህና ነው። ስለ «የዘመኑ ልጅ» በጅምላ መግጠም ግን አያስቅም፤ አንድ የሚታይ ነገር መያዝ ነው፣ ካልሲው፣ ቻርጀሩ፣ ግማሹ ተነክሶ አልጋ ሥር የተገኘው ዳቦ። የልጆቹን አራድኛ ለመናገር መሞከርም አያስፈልግም። እነሱው በመልሳቸው ያመጡታል፣ ከእነሱ ሲመጣ ያምራል። የውጤት ካርዱን የያዘ አንድ የእህቴ ልጅ እናቱን እንዲህ ነው ያላት፦

ፈታ በይ እማዬ ፊትሽ አይጨማደድ፣
በሒሳብ ቢከፋ በስፖርት ልወደድ።

ምክርን በተመለከተ አቋሜ የጠነከረ ነው፦ የመጨረሻው መስመር ላይ ምክር የሚጨምር ወላጅ ግጥሙን ገደለው። ልጁ እስከ ሦስተኛው መስመር እየሳቀ መጥቶ አራተኛው ላይ «ስለዚህ ልጄ ሆይ አጥና» የሚል ሲያገኝ እንደተታለለ ነው የሚሰማው፤ ሌላ ጊዜም አያነብም።

ከእናቴ ደግሞ ሌላ ነገር ተምሬያለሁ። እሷ መጻፍ አትወድም፣ በአፏ ነው የምትገጥመው። የልጅ ልጇ ጉልበቱ የተቀደደ ጂንስ ገዝታ ስትመጣ መነጽሯን አስተካክላ ግራ ቀኝ አየችውና፦

ሱሪው ተቀዳዶ ጉልበቱ ይታያል፣
ዋጋውን ስጠይቅ ከወይፈን ይበልጣል።

አለች። ልጅቷ መርፌና ክር ይዛ የመጣችውን አያቷን አቅፋ መለሰችላት፦

እምዬ አትደንግጪ መርፌሽን መልሺው፣
ፋሽን ነው ቀዳዳው ደፍነሽ አትጨርሺው።

ሁለቱ በልብስ ጉዳይ እስከ ዛሬም አይስማሙም። ግን አብረው ተቀምጠው ይገጥማሉ። እናቴ የገጠር ልጅ ናት፤ ስለ ወይፈን፣ ስለ ሞፈርና ቀንበር፣ ስለ ጎተራ የምታውቀውን ልጆቹ የሚጠይቋት ቤት መምቻ ሲያጡ ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው የእህቴ ታናሹ ልጅ እንኳ አማርኛው የሚሰባበረው፣ በስልክ እየጠየቃት አንድ ግጥም ለፍቶ ጨርሷል፦

እምዬ ስትደውል «በላህ ወይ» ትላለች፣
ፒዛ ነው ስላት ግን «ልጄ ጦም ዋለ» አለች።

እናቱ አማርኛ ተማር እያለች ስንት ጊዜ ስትጨቀጭቀው ኖራ አልሆነላትም ነበር። አሁን «ትላለች»ን የሚመታ ቃል ፍለጋ እሱ ራሱ ይደውላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው እያደሩ ሲፈተኑ እንደነበር ታውቃላችሁ። ስልክ መያዝ አይፈቀድም። ብዙ ወላጅ ከልጁ የተለየው ለመጀመሪያ ጊዜ ያኔ ነው፤ አውቶቡሱ ሲነሳ የሚያለቅሰውም ከልጆቹ ይልቅ እናት ነው። ታላቋ ልጃችን ስትሄድ ባለቤቴ ምክሩን ሁሉ ዋጠችውና ከፎጣዋ መሃል ይህችን ከተተችላት፦

በርቺ ጎበዝ ብዬ ምክር አላበዛም፣
እዚያ ቀስቃሽ እናት በገንዘብ አትገዛም፤
ደወሉን ስትሰሚ ድምፄን አስታውሺና፣
ተስፈንጥረሽ ተነሽ ሳልመጣብሽ ገና።

ልጅቷ ዶርም ውስጥ ለነበሩት ልጆች ሁሉ አነበበችላቸው። ከፈተናው በፊት በነበረው ማታ ሁሉም ጨንቋቸው ዝም ብለው ነበር፤ ግጥሙን ሲሰሙ እያንዳንዷ እናቷ እንዴት እንደምትቀሰቅሳት በየተራ እያስመሰለች ስታስቅ አመሹ። ስትመለስ መልሱን ይዛ መጣች፦

ደወሉ ሳይደወል እኔ ነቅቻለሁ፣
ድምፅሽ ሩቅ ይደርሳል እዚያም ሰምቻለሁ።

እንዲህ ያለ ነገር በየቤቱ እንዳለ እርግጠኛ ነኝ። በየፍሪጁ በር፣ በየቴሌግራሙ፣ በየደብተሩ የኋላ ገጽ ላይ ተጽፎ ይጠፋል። እናንተ ቦታ ብትሰጡት ብዙ ቤተሰብ ይልክላችኋል። አስተያየት ከፈለጋችሁ በወር አንድ ጊዜ ግማሽ ገጽ ይበቃል፤ በግራ በኩል የወላጅ፣ በቀኝ በኩል የልጅ ግጥም ጎን ለጎን። አንድ ቤተሰብ የላከውን ሌላ ቤት ያለ ልጅ መመለስ ቢፈልግም ይፈቀድለት። የፈተና ሰሞን ደግሞ ገጹን ሙሉውን ለተፈታኞች ብትተዉላቸው ደስ ይለኛል።

እዚህ የጻፍኳቸውን የቤታችንን ግጥሞች ማተም ትችላላችሁ፤ ልጆቹ ደብዳቤውን ከእኔ በፊት አንብበው ፈቅደዋል፣ ዘመዶቼና ባልደረባዬም እንዲሁ። ልጄ ግን አንድ ነገር እንዳስታውሳችሁ አዞኛል፤ የእሱ መልስ ከእናቱ ግጥም ባነሰ ፊደል እንዳይታተም።

ከአክብሮት ጋር፣
የሦስት ልጆች አባት፣ ከአዲስ አበባ